አራተኛው ቤት

ደብረ ታቦር ውስጥ ሰው ለመፍራት ትኬት የሚቆርጥበት ዘመን ይመጣል ብሎ ማን ጠረጠረ? በላይነህ ጠረጠረ።

በላይነህ የሠርግ ድንኳንና የድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሰው ነው። አንድ ዓመት ለቡሄ ባዛር ከሸራና ከኮምፔርሳቶ ጨለማ ቤት ሠራ፤ ቀይ አምፖል ሰቀለ፤ አምስት ተማሪዎችን ጭምብል አልብሶ «የፍርሃት ቤት» ብሎ ከፈተው። ሽማግሌዎቹ «ፍርሃት ከቤታችን መቼ ጠፋና ነው ወጥተን የምንገዛው?» እያሉ ሳቁበት። ወጣቱ ግን እየጮኸ ገባ፣ እየሳቀ ወጣ፣ ተመልሶ ተሰለፈ። በሁለተኛው ዓመት ቤቱ ሁለት ሆነ፤ በሦስተኛው ሦስት። ከዚያ ወዲህ ሐምሌ ጋመስ ሲል በየግድግዳው የሚለጠፈው የበላይነህ ማስታወቂያ በጉጉት የሚጠበቅ ነገር ሆነ። ማስታወቂያው የዘንድሮ ቤቶች ምን ምን እንደሆኑ አይናገርም። ሥዕል ብቻ ያሳያል፤ አገሩ ይገምታል።

ከገማቾቹ ሁሉ ቃሏ የሚታመነው እመቤት ነበረች። እመቤት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዋናው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ የሞባይል ልባስና ቻርጀር ትሸጣለች። ገበያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ «ከበሩ ጀርባ» የሚል የቴሌግራም ገጽ ታስተዳድራለች፤ አራት ሺህ ተከታይ አለው። ዓምና ሦስቱንም ቤቶች ቀድማ አውቃቸው ነበር፤ የተዘጋው ወፍጮ ቤት፣ ሐኪም የሌለበት ክፍል፣ የጅብ ሠርግ። በላይነህ ራሱ መንገድ ላይ አስቁሟት «ማን ነገረሽ?» ብሎ ጠየቃት። «ማንም። ዓይን ስላለኝ ነው» አለችው። ይህችን መልስ ዓመቱን ሙሉ እያስታወሰች ፈገግ ትል ነበር። አንዴ ልክ የሆነ ሰው ሁለተኛ ልክ መሆን ያምረዋል፤ ክፋቱ እዚያ ላይ ነው።

የዘንድሮው ማስታወቂያ አራት ሥዕሎች ይዞ ወጣ። ሦስቱ ቀላል ነበሩ። አራተኛው ሥዕል ሳይሆን ፎቶ ነበር። ቀለሙ የላላ ሰማያዊ የሳንቃ በር፣ ከበላዩ የተቸነከረ የበሬ ቀንድ። ከሥሩ «አራተኛውን ቤት ታውቁታላችሁ» ይላል።

አገሩ ያንን በር ሲመረምር ሰነበተ። አንዱ የእብናት የእህል መጋዘን ነው አለ፤ ሌላው ከጣራ ገዳም በታች የፈረሰ ቤት ነው ብሎ ማለ። እመቤት ግን ገና ስታየው አወቀችው። ያንን በር በእጇ ስትገፋ ነው ያደገችው። የክርስትና እናቷ የእምዬ የሺ በር ነበር።

እምዬ የሺ ከከተማው ዳር፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ባላቸው መሪጌታ ሙላቴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊት አዳልጧቸው ወድቀው ቀኝ እግራቸው ስለደከመ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ዘመድ «ሠራተኛ ይቅጠሩ፣ ወይ እኛ ዘንድ ይምጡ» ቢላቸው አሻፈረኝ አሉ። «ድምፄን ማን ወሰደብኝ? ብወድቅ ኡኡ እላለሁ፤ ኡኡ ካልሁ አገር ይደርሳል» ይሉ ነበር።

ውሸትም አልነበረም። በዚያ አገር ኡኡታ የሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ሊጥ የምታቦካው ከነእጇ፣ ጢሙን የሚላጨው ከነአረፋው ይወጣል። የተጣላ እንኳ ይደርሳል፤ ጠቡን የሚቀጥለው ከዚያ በኋላ ነው። ለእምዬ የሺ ደግሞ ማዶ ለማዶ የሚኖረው ልብስ ሰፊው ሙሐዲን አለላቸው። የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ሲሰፋ አንድ ጆሮው ሁልጊዜ ወደ እሳቸው ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሏል እንዲህ ነው።

እንግዲህ እመቤት «ይህ የክርስትና እናቴ በር ነው፤ በላይነህ ቀለሙን ወዶት ያነሳው ይሆናል» ብላ ልትተወው ትችል ነበር። አልተወችውም። አራት ሺህ ሰው አፏን ይጠብቃል። ስለዚህ የምታውቀውን ወስዳ አጣመመችው።

የምታውቀው ይህ ነው፤ እምዬ የሺ ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ዳዊት ይደግማሉ። ማንበብ አይችሉም። ባላቸው ሲደግሙ አርባ ዓመት ሰምተው ነው በቃላቸው የያዙት፣ በመሪጌታው ዜማ፣ የመሪጌታውን ወፍራም ድምፅ አስመስለው። እመቤት በልጅነቷ ከጎናቸው ተቀምጣ እንቅልፍ የወሰዳት በዚያ ድምፅ ነበር። በገጿ ላይ የጻፈችው ግን እንዲህ የሚል ነው፤ «አራተኛው ቤት ባዛሩ ውስጥ አይደለም። ከባሕር ዛፉ በላይ ያለው ባለ ሰማያዊ በር ቤት ነው። ባለቤቱ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሞቷል። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ግን የወንድ ድምፅ ያነብባል። ሄዳችሁ ስሙ።»

ሄደው ሰሙ። ያነብባል።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሦስተኛው ቀን ገጹ ሌላ ሁለት ሺህ ሰው ጨመረ። እመቤት ያላለችውን ሌሎች አሉ። አንዱ አሮጊቷ ተዋናይ ናት አለ፤ ሌላው አሮጊት የሚባል የለም፣ የቴፕ ድምፅ ነው አለ። ሕግ ሁሉ አወጡለት። በሩ የሚከፈተው በቡሄ ዋዜማ ነው ተባለ፤ እስከዚያ የነካ አይገባም፤ ውስጥ ያለው ነገር አንድ ስም ይጠራል፣ የሚገባው ስሙ የተጠራው ብቻ ነው። ይህን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ግምት ሲዋልድ አባቱ አይገኝም።

ከዚያ ጠጠር ተጀመረ። ትምህርት የተዘጋባቸው ልጆች ከሰዓት በኋላ አጥር ሥር ይሰበሰቡና ቆርቆሮው ላይ ጠጠር ይወረውራሉ፤ እምዬ የሺ ደንግጠው «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ሲሉ ስልካቸውን ደግነው ይቀዳሉ። ሙሐዲን መቀሱን እንደያዘ እየሮጠ ይደርሳል፤ ልጆቹ እየሳቁ ይበተናሉ። ማታውን ጩኸቱን ከገጹ አስተያየት ሥር ይለጥፉታል። «ዘንድሮስ አሳምሮ ሠርቶታል» እያሉ በላይነህን ያደንቁታል።

አንድ ቀን ሙሐዲን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እመቤት ሱቅ ድረስ መጣ። ተቀመጥ ብትለው አልተቀመጠም።

«ያ የምትጽፊበት ነገር ያንቺ ነው አሉኝ» አላት። «እኔ ለእሳቸው አልነገርኩም፤ አልነግርምም። ግን አንድ ነገር ስሚኝ። በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሮጥኩ። በመጀመሪያው ሰፈሩ ሁሉ አብሮኝ ሮጠ። በሁለተኛው አራት ሰው ሆንን። ትናንት ብቻዬን ነበርኩ። ሰዉ ከቤቱ ሆኖ 'ልጆቹ ናቸው' ይላል። ወላሂ እመቤት፣ እኔ አንድ ቀን ባልኖር ማን ይደርስላቸዋል?»

ሙሐዲን ሊወጣ ሲል ዞር አለ።

«ደግሞ መልእክት አለብኝ። 'ለቡሄ ሙልሙሏን መጥታ ትውሰድ፤ ምነው ጠፋችብኝ' ብለውሻል። ልጆቹ ደጃቸውን ያዘወተሩት ለሆያ ሆዬ መስሏቸዋል። 'ዘንድሮስ ብዙ ነው የሚመጣልኝ፤ ዱቄት ጨምርልኝ' ብለው ከገበያ አስመጡኝ።»

ያን ዕለት እመቤት ሱቋን በጊዜ ዘጋች። ፈራች፤ ጭምብል ለብሶ ከሚዘል ተማሪ የሚመጣ ፍርሃት አልነበረም። የጻፈችውን ሁሉ አጠፋች። በምትኩ «ስለ አራተኛው ቤት ተሳስቻለሁ። እባካችሁ አትሂዱ» ብላ ጻፈች። ተሳስቻለሁ ማለት ቀላል ነው፤ ዋሽቻለሁ ማለት ነው ከባዱ። የክርስትና እናቴ ናቸው፣ ድምፁ ዳዊት ነው፣ እያወቅሁ አጣምሜ ነው የነገርኳችሁ ብትል ምናልባት አንዳንዱ ያምናት ነበር። ያንን ለመጻፍ ጀመረችና ስድስት ሺህ ሰው ምን ይለኛል ብላ ተወችው። ለደቂቃ ያህል እንኳ ሳይቆይ መልሱ ጎረፈ። «በላይነህ አስጠንቅቋት ነው!» «ካጠፋችው እውነት ነው ማለት ነው!» የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እሷ ባሸችው ቁጥር አበጠ።

ገጹን ከስልኳ አወጣችው። እምዬ የሺ ዘንድም አልሄደችም። በየትኛው ዓይኗ ታያቸዋለች? ነገ፣ ነገ እያለች ሁለት ሳምንት አለፈ።

የቡሄ ዋዜማ፣ ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ጭጋጉ ከጋሳይ በኩል መጥቶ ከተማውን ሸፈነው። ሙሐዲን አጎቱ ሞተውበት በማለዳ ወደ እብናት ለቅሶ ሄደ። ከመንገድ ላይ ለእመቤት ደወለላት። «እስክመለስ እለፊ እባክሽ፤ ብቻቸውን ናቸው» አላት። እሺ አለች። ግን መጀመሪያ በላይነህን ላናግር ብላ ወደ ባዛሩ ወረደች። እሱ በማጉያው አንድ ቃል ቢናገርላት ነገሩ ሁሉ ያበቃል፤ እሷም እምዬ የሺ ዘንድ ንጹሕ ሆና ትገባለች። ሳትነጻ መግባት አልፈለገችም። ሰው ሲያፍር እንዲህ ሞኝ ይሆናል።

በላይነህ ሥራ በዝቶበት ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። እስኪቆምላት ድረስ ስምንት ሰዓት ሆነ።

«ጋሽ በላይነህ፣ አራተኛ ቤት እንደሌለ በማጉያው ይናገሩልኝ።»

«ማን የለም አለሽ? አለ እንጂ!» ብሎ ሳቀና ከሦስቱ ሸራ ቤቶች ጀርባ በእጁ አሳያት። ሽሮና ጥብስ የሚሸጥበት ድንኳን ነበር። «አራተኛው ቤት ምግብ ቤት ነው። ታውቁታላችሁ ያልሁትም ዓምና ስለበላችሁበት ነው። ቀልድ ነው በይ።»

«በሩስ?»

«የቱ በር? እ፣ ፎቶው? በዚያ ሳልፍ ቀለሙ ማረከኝና አነሳሁት። ምነው?»

«ሰዉ የእውነት ቤት መስሎታል። አሮጊት አሉ ውስጡ። ይናገሩ፣ አሁን።»

«አሁን? ጨዋታውን ላበላሸው? በዓሉ ይለፍና እናገራለሁ» ብሎ መብራቱን ሊያስተካክል ሄደ።

እሷ እዚያው እንደቆመች ከሰልፉ መሃል ሁለት ልጃገረዶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ሲንጫጩ ሰማች።

«ጀምሯል እኮ! ከጧት ሦስት ሰዓት ጀምሮ እየጠራ ነው አሉ!»

«ስም ጠራ?»

«አዎ! ስሚው።»

ስልኩ ውስጥ ሳቅ አለ፣ የዝናብ ጠብታ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ የተሰነጠቀ፣ የደከመ ድምፅ «ኡኡ» ይላል። ያርፋል። ደግሞ «ኡኡ» ይላል። ከዚያ ስም ይጠራል። «ወለተ ሐና! ወለተ ሐና! ድረሽልኝ!»

«ወለተ ሐና ማን ናት?» አለች አንዷ።

«እዚያ ቤት የሞተች ልጅ ናት ይላሉ። አንብቢው፣ ከመቶ በላይ ሰው ጽፏል። ገደል ገብታ ነው የሚልም አለ፣ አባቷ ገድሏት ነው የሚልም አለ።»

ወለተ ሐና የእመቤት የክርስትና ስም ነው። ሰማንያ ቀን ሲሞላት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ታቅፈዋት ቆመው ስሙን የተቀበሉላት እምዬ የሺ ናቸው። በዚያ ስም የሚጠራት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። አሮጊቷ አገር ሲከዳቸው አገሩን ትተው እሷን ጠርተዋል፤ እሷ ደግሞ ከጧት ጀምሮ የበላይነህን ፊት ስትጠብቅ ነው የዋለችው።

ሮጣ ወጥታ ባጃጅ ውስጥ ዘለለች።

«ወደ ባሕር ዛፉ? አራተኛው ቤት ነው?» አላት ሾፌሩ። «ከጧት ጀምሮ ሰው ሳመላልስ ነው የዋልሁት። በዓሌ ዛሬ ነው!»

ከአጥሩ ደጅ የነበረው ሰው ሁለት መቶ ይሆናል። ጃንጥላ ይዘው፣ በቆሎ እየጋጡ፣ በሰልፍ ቆመዋል። ሰልፍ! አንድም ሰው አጥሩን አላለፈም፤ ሕጉ አይፈቅድማ። ድምፁ ከቆመ ቆየት ማለቱን ነገሯት። «አሁን ሊከፈት ነው መሰለኝ» አለ አንዱ በደስታ።

እመቤት እየገፋች አለፈች። «ሕጉን አትጣሺ!» ብለው ጮኹባት። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። መወርወሪያው በስንጥቁ ቀጭን እንጨት ከገባለት እንደሚነሳ የምታውቀው እሷ ናት፤ በልጅነቷ ሙልሙል ልትሰርቅ ስትል የተማረችው ነው። ከአጥሩ እንጨት ሰብራ አነሳችው። ሰማያዊው በር ሲከፈት ከኋላዋ ሁለት መቶ ሰው «ዋው!» ብሎ አጨበጨበ።

እምዬ የሺ ከጓዳው ደፍ ላይ ወድቀዋል። ያ ደካማ እግራቸው ከሥራቸው ታጥፏል። ምርኩዛቸው እጃቸው ከሚደርስበት ትንሽ ራቅ ብሎ ወድቋል። ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ከንፈራቸው ደርቆ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። ከጧት ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጮኸውበት አልቋል።

እመቤት ልታነሳቸው ሞከረች። ሲቃ ያዛቸው። ብቻዋን አልቻለችም። ወደ ደጅ ወጣችና ነጠላዋን ከራሷ ገፋ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች።

«ኡኡ! የሰው ያለህ! ኡኡ!»

አጨበጨቡላት። ስልኮቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

«የእውነት ነው! ሰው እየሞተ ነው! ወለተ ሐና እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የዋሸኋችሁ!»

ይህን ሲሰሙማ ጭብጨባው ደራ፤ ፉጨቱ ባሕር ዛፉን አናወጠው። ከገመቱት ሁሉ የበለጠ ነበር። አንድ ወጣት «ከመጀመሪያውም እሷ ራሷ ውስጡ እንዳለችበት ብዬ አልነበር!» እያለ ጓደኛውን ትከሻው ላይ መታው።

ከዚያ ሕዝብ መሃል በክርኑ እየፈለጠ የመጣ አንድ ሰው ነበር። ሙሐዲን ከእብናት ሲመለስ ከሚኒባሱ እንደወረደ ሰልፉን አይቶ ገባው። ወደ ውስጥ አየ፤ ከዚያ ተመልሶ ያንን ሰማያዊ በር በሁለት እጁ ጨብጦ ከመዞሪያው ነቀለው። እምዬ የሺን ከነጋቢያቸው አንስተው በሳንቃው ላይ አስተኟቸው። ቃሬዛ የሚይዘው አራት ሰው ነው። እነሱ ሁለት ነበሩ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ።

በሩ በሰው እጅ ላይ ሆኖ ሲወጣ ሕዝቡ እያጨበጨበ መንገድ ለቀቀ። እመቤት ወደ ታች ስታይ እምዬ የሺ ዓይናቸውን ገልጠው ነበር። ጎንበስ አለችላቸው።

«ወለተ ሐና፣ መጣሽ?» አሉ በሹክሹክታ።

«መጣሁ እምዬ።»

«ማን ነው የሚያጨበጭበው?»

እመቤት አንድ ጊዜ ስለዚህ ቤት ዋሽታለች፤ አሁን ሁለተኛዋን ዋሸች። «ሆያ ሆዬ ባዮች ናቸው እምዬ። እርስዎ ደጅ መጥተው ነው።»

የአሮጊቷ ፊት ፈካ ለማለት ሞከረ። «ሙልሙሉ ከሌማቱ ነው» አሉ። «ለሁሉም ይደርሳል። ስጪያቸው፤ ከእኔ ደጅ ባዶ እጃቸውን አይመለሱ።»

የባጃጁ ሾፌር ገና ከሩቅ ሲያያቸው ቆቡን አወለቀ። ከእጇ ላይ ያለው ሳንቃ እንደከበደ እመቤት ያኔ ነው ያወቀችው፤ ጎንበስ ብላ ብታይ የእምዬ የሺ ከንፈር መንቀሳቀሱን ትቷል። ጭብጨባው ከፊት ከቆሙት ጀምሮ አንድ በአንድ እየቆመ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከሰልፉ መጨረሻ የቆሙት ግን የሆነው ነገር ስላልታያቸው ለረጅም ጊዜ ማጨብጨባቸውን አልተዉም።